የአያ ማንደፍሮ ዱላ

ስልኩ ሲጮህ የሙሽራ ቀሚስ ጥለት እያያያዝኩ ነበር። የደወለችልኝ የድሮ የንፋስ መውጫ ጎረቤቴ ናት። «ዘነቡ፣ መርዶ በስልክ አይነገርም ይላሉ፤ ግን ምን ላድርግ፣ አንቺ ደብረ ታቦር ነሽ» አለችኝ። «አያ ማንደፍሮ ዐረፈ።» እኔ ደግሞ፣ አፈር ልብላና፣ መጀመሪያ የቀደመኝ ሳቅ ነው። ምን ላድርግ! ያንን ሰው ሳልስቅ አስቤው አላውቅማ። ሴትዮዋ «ሰምተሽኛል ወይ?» እያለች ስትደጋግም ነው ሳቁ ጉሮሮዬ ላይ የቀረው። ከዚያ በኋላ መርፌው አልታይ ስላለኝ ቀሚሱን አጣጥፌ አስቀመጥኩት።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ንፋስ መውጫ ሳለሁ የእኔ ስፌት ቤትና የእሱ ሬዲዮ መጠገኛ በአንድ የጭቃ ግድግዳ የተለያዩ ነበሩ። ከኋላ የምንኖርባቸው ክፍሎችም እንደዚያው ናቸው። ግድግዳው ከመሳሳቱ የተነሣ እሱ ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምለው እኔ ነኝ። ሲፈልገኝ ዞሮ አይመጣም፤ በጡጫ ጎሰም ጎሰም ያደርግና «ዘነቡ!» ይላል። «አቤት!» «አለሽ?» «የት እሄዳለሁ?» «በይ እሺ!» በቃ፣ ይኸው ነው። ምን ፈልጎ እንደጠራኝ ሳይነግረኝ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ረዥምና ጎበጥ ያለ ሰው ነበር። የሚበይድበትን የእርሳስ ሽቦ ጠቅልሎ ጆሮው ላይ ያንጠለጥላል፤ ረስቶት ቤተ ክርስቲያን ድረስ ይዞት ይሄዳል። ልጅነቱን የቆሎ ተማሪ ሆኖ ዜማ ቤት ገብቶ ነበር። «የኔታ ዜማውን ሲያስቀጽሉን እኔ የማስበው ድምፅ በሬዲዮ ሽቦ እንዴት አልፎ እንደሚመጣ ነበር» ይላል። «ደረሱብኝና፣ አንተ ልጅ ጆሮህ ሌላ ቤት ነው ያለው ብለው መርቀው ሸኙኝ።» እውነት ይሁን ውሸት እግዜር ይወቀው። እኛ ሰፈር ግን ድምፁን የሰማ ሁሉ የኔታ ልክ ነበሩ ባይ ነው።

የተበላሸ ሬዲዮ ይዘውለት ሲመጡ መጀመሪያ ያሸተዋል። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ጠላ ቀማሽ አፍንጫውን አስጠግቶ ያሸትና «አልተበላሸም፤ አኩርፏል» ይላል። በሕይወቱ ሙሉ «ተበላሽቷል» ሲል ሰምቼው አላውቅም። «ምን ብላችሁት ነው ያኮረፈው?» ብሎ ባለቤቱን ይቆጣል። እኔን የሚገርመኝ ታዲያ የሬዲዮ ኩርፊያ በሽታ የሚያውቅ ሰው የሚስቱን ኩርፊያ አለማወቁ ነው።

ሚስቱ የሺ የእስቴ ልጅ ናት፤ የቄስ አድማሱ ልጅ። ዝምተኛ ናት፤ ስትስቅ እንኳ ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርጋለች። ልጅ አልወለዱም። የሺ ከተዳረች ጀምሮ የምትጠብቀው አንድ ነገር ቁም ሣጥን ነበር። አያ ማንደፍሮ ቃል ገብቶላት የዋንዛ ጣውላ አስመጥቶ፣ በገዛ እጁ ጎኑንና ጀርባውን ሠርቶ አቁሞታል። መዝጊያው ብቻ ቀርቷል። በዚህ መካከል ነው ለሬዲዮ ዕቃ ባሕር ዳር የሄደው፤ ዕቃውን ሳይገዛ፣ ዓይኑ ፈጦ ተመለሰ።

ግድግዳው ተጎሰመ። «ዘነቡ! ቁም ሣጥን ሲጫወት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ጠጥተህ ነው?»

«ቆሞ የሚጫወቱበት ሣጥን አየሁ። ፊቱ ቴሌቪዥን ነው፣ ሆዱ ላይ ገበታ አለው፣ ገበታው ላይ ዱላና ቁልፍ። ዱላውን ስትነቀንቂው ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሰውዬ ይዘላል!»

ምን አለፋችሁ፣ በሳምንቱ የሺ መጥታ ደጄ ላይ ተቀመጠች። «እትዬ ዘነቡ፣ ቁም ሣጥኔ ቴሌቪዥን ዋጠ» አለችኝ። ሄጄ አየሁት፤ እውነቷን ነው። አንድ መሥሪያ ቤት አውጥቶ የጣለውን ኮምፒውተር ከታች አስቀምጦ፣ እንደ ድስት የተነፋ ቴሌቪዥን መሃሉ ላይ ሰክቷል። የሷ ልብስ ከጆንያ ሳይወጣ ቀረ።

ሣጥኑስ ቀላል ነበር፤ ጣጣው ገበታው ነው። የሚጫወቱበትን ጣውላ «ገበታ» ነበር የሚለው። የኮምፒውተሩን ኪቦርድ ፈልቅቆ አንጀቱን አወጣና ከየፊደሉ ሥር ሽቦ ስቦ ወደ ገበታው አደረሰ። ቁልፍ ሲነካ እንዲሰማለት ደግሞ የወደቀ ማውስ ከየቦታው ለቅሞ ሆዳቸው ውስጥ ያለችውን፣ ቀጭ የምትለውን ነገር እያወጣ ይሰበስባል። «ዛሬ አይጥ ሳርድ ዋልኩ» ይለኛል። በዐቢይ ጾም! የቄስ አማች!

አንድ ቀን «ዘነቡ፣ ቁልፍ አለሽ?» አለኝ። የቤቱ ቁልፍ የጠፋበት መስሎኝ የእኔን አቀበልኩት። «የካፖርት!» አለኝ። ትልልቅ የካፖርት ቁልፎች ሰጠሁት፤ ጥቁሩን ለአንደኛው ተጫዋች፣ ነጩን ለሁለተኛው አደረገው። ዱላውን ደግሞ ከወይራ ጠረበው፤ የጣት ቁመት ያላት፣ አናቷ ድቡልቡል የሆነች። የከተማ ልጆች «ጆይስቲክ ነው የሚባለው» ሲሉት በእንግሊዝኛው ተመራመረና «የደስታ ዱላ ማለት ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ ዱላ ሆኖ ቀረ።

ስድስቱን ቁልፎች ደግሞ በምን ይጥራቸው? በፊደል ቤት! ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ። ሳብዕ ጨዋታውን የምታስጀምረው ናት። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ቤቱ ይሞላል፤ በነጻ ነው የሚያጫውታቸው። እኔ በግድግዳው ወዲህ ሆኜ «ራብዕ በለው! ሳድስ! ሳድስ አቅምሰው!» ሲሉ እሰማለሁ። የማያውቅ መንገደኛ ቆም ብሎ «እዚህ ፊደል ቤት አለ እንዴ?» ብሎ ጠይቆኛል። «አዎ፣ ተማሪዎቹ ግን ይፋለጣሉ» አልኩት።

የመጀመሪያውን ገበታ ሲሠራ ዱላውን በቀኝ፣ ቁልፎቹን በግራ አደረገ። ባሕር ዳር ያዩ ልጆች «አያ ማንደፍሮ፣ ተገልብጧል፤ ዱላው በግራ ነው የሚሆነው» አሉት። «ዱላ በግራ የሚይዝ የማን ልጅ ነው?» አለ። ከገጠር የሚመጡት ከእሱ ጋር ወገኑ፣ የከተማዎቹ ከልጆቹ ጋር። ክርክሩ ጠላ ቤት ደረሰ። በመጨረሻ አያ ማንደፍሮ መላ ዘየደ፤ ገበታውን ከሣጥኑ ለየው። የፕሪንተር ገመድ ቆርጦ አንዱን አፍ ሣጥኑ ላይ፣ ሌላውን አፍ ገበታው ላይ በየደና የፈለገ የፈለገውን ገበታ ነቅሎ ሌላ እንዲሰካ አደረገው። «የተነቀለ ይተከላል!» እያለ ጮኸ። ከዚያማ ማን ያስቁመው! ለቀኙ ገበታ፣ ለግራው ገበታ፣ ጣቱ አጭር ለሆነው ልጅ ቁልፎቹ የተቀራረቡ ገበታ። ልጅ በመጣ ቁጥር «እጅህን ላየው» ይልና መዳፉን ገልብጦ ያያል። ግድግዳው ሁሉ ገበታ ተሰቀለበት።

የሺ እያደር ዝም አለች። ድሮም ዝምተኛ ናት፤ ይኼኛው ዝምታ ግን ሌላ ነው። እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ይበይዳል፣ እሷ እራቱን አቅርባ ትጠብቃለች፣ ወጡ ይቀዘቅዛል። ቢቸግራት አንድ የገበያ ቀን ወደ እስቴ ለሚሄድ የእህል ነጋዴ ለአባቷ መልእክት ሰጠችው። «ዱላው አማርሮኛል በላቸው። ሁለት የወይራ ዱላ ጠርቦ ቤት አግብቶ፣ ዱላው ከእጁ አይለይም። መጥተው ይገላግሉኝ።» ነጋዴውም ታማኝ ሰው ነው፤ አንዲት ቃል አልጨመረም፣ አንዲት ቃል አልቀነሰም። ጥፋቱም ይኸው ሆነ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄስ አድማሱ ፊታቸው ጠቁሮ ደረሱ። አንዲት የተጫነች ትርፍ በቅሎ ከኋላ አስከትለዋል፤ ልጃቸውን ሊወስዱባት ነው። የሰፈሩን ሽማግሌዎች አስጠርተው ግቢው ውስጥ ተቀመጡ። የሽማግሌዎቹ አለቃ አያ ፈንታ ናቸው፤ ሲናገሩ ጉሮሮአቸውን ሳይጠርጉ አይጀምሩም። እኔም ግድግዳ ተጋሪ ነሽ ተብዬ ለምስክርነት ተጠራሁ። ምን እንደሰሙ የነገረኝ የለም፤ የመሰለኝ ስለ ሣጥኑ ነው።

«እትዬ ዘነቡ» አሉ አያ ፈንታ ጉሮሮአቸውን ጠርገው፣ «የዱላ ድምፅ ትሰሚያለሽ?»

«ኧረ ቀኑን ሙሉ! ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ሲል ይውላል።»

ቄስ አድማሱ አማተቡ። «የሺ ትጮኻለች?»

«የሺማ ምን ወጥቷት። የሚጮኹት ልጆቹ ናቸው።»

«የምን ልጆች? ልጅ የላቸውም እኮ!»

«የሰፈሩ ልጆች ናቸዋ። ተሰልፈው ተራ በተራ ነው ዱላውን የሚይዙት።»

ወይ ጉድ! የሽማግሌዎቹን ፊት ባያችሁት! ያን ጊዜ ግን እኔ ምስክርነቴ ያማረ መስሎኝ ነጠላዬን አስተካክዬ ተቀመጥኩ። ቀጥሎ አያ ማንደፍሮን ጠሩት። የእርሳስ ሽቦው ጆሮው ላይ እንዳለ ወጣ።

«ዱላ አለህ?»

«አለኝ።» ፊቱ በራ። በእሱ ቤት አማቱ ድረስ ዝናው ተሰምቶ ሊጎበኙት መጥተዋል።

«ስንት?»

«ሁለት። አንዱም ይበቃ ነበር፤ ግን ለሁለት ሲሆን ነው የሚያምረው።»

«የምን እንጨት?»

«ወይራ ነዋ! ሌላው አይችለውም፤ ይሰበራል።»

ቄስ አድማሱ መቋሚያቸውን ይዘው ብድግ አሉ። አያ ፈንታ በሁለት እጃቸው ያዟቸውና «አባታችን፣ በሥላሴ! ዱላው ይቅረብ፤ በማስረጃ ነው» አሉ። አያ ማንደፍሮ እየሮጠ ገብቶ ትልቁን ገበታ አቅፎ ወጣና በክብር መሃላቸው አስቀመጠው። ሁለት የጣት ቁመት ያላቸው የወይራ ጉጦች ቆመውበታል። አያ ፈንታ ጎንበስ ብለው አንዱን በሁለት ጣት ያዙት፤ ነቀነቁት፤ ቀጭ አለ። ለረዥም ጊዜ አዩት።

«ይሄ ዶሮም አያባርር» አሉ።

ያኔ ነው ነገሩ ለሁላችንም የተገለጠው። እኔ ሆዴን ይዤ ወደቅኩ። ሽማግሌዎቹ እንባቸውን እየጠረጉ «እስቲ አሠራሩን አሳየን» ብለው ተከታትለው ገቡ። ቄስ አድማሱም ገቡ፤ ቁጣው ገና አልበረደላቸውም። ልጆቹ «ራብዕ! ሳድስ!» ሲሉ ሰሙና «ራብዑ የቱ ነው?» አሉ። ፊደል ሲያስቆጥሩ የኖሩ ሰው! ማን ሊቀድማቸው! በስንት ልመና መስቀላቸውን ወደ ኋላ አዙረው ገበታው ፊት ተቀመጡ፤ ሲነሡ ፀሐይ ዘንበል ብላ ነበር። ጉዳዩ በሳቅ ያለቀ መሰለን። ቄሱ ነጠላቸውን እያስተካከሉ «በሉ፣ ዱላው ይሄ ከሆነስ ወደ ቤቴ ልመለስ» አሉ።

«እኔም እሄዳለሁ» አለች የሺ።

በሩ ጋ ቆማ ነበር። ያን ቀን አንድም ጊዜ እንዳልሳቀች ያየሁት ያኔ ነው።

«ታዲያ አልመታሽም አይደል እንዴ?» አሏት አያ ፈንታ።

«መቼ መታኝ አልኩ? ማንደፍሮ ሰው አይመታም። ግን ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ በእጁ ልክ ገበታ ሠርቷል። ለቀኙ፣ ለግራው፣ ለአጭሩ። የማንንም እጅ ገልብጦ ያያል። እኔን አንድ ቀን “እጅሽን ላየው” ብሎኝ አያውቅም። ልጅ ስላልወለድኩለት ነው እንዳልል፣ እሱንም አይናገርም። በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆኛለሁ። አባ፣ በቅሎዋን አምጡልኝ።»

አያ ማንደፍሮን አየሁት። ለሬዲዮ ሁሉ መላ የማያጣ ሰውዬ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ከዚያ ጎንበስ አለና የሣጥኑን ገመድ ነቀለ። ገበታዎቹን ከግድግዳው እያወረደ መሬት ላይ ደረደራቸው። «ቁም ሣጥንሽን እመልሳለሁ» አለ። «ቴሌቪዥኑን አሁን አወጣዋለሁ። ዛሬውኑ። አትሂጂብኝ።»

«ማን ንቀለው አለህ?» አለች፤ ስትቆጣ ሰምቻት አላውቅም። «ልኬን ውሰድ ነው ያልኩህ!»

የስፌት ሜትሬ አንገቴ ላይ ነበር። እጁን ወደ እኔ ዘረጋ፣ ሰጠሁት። የሺ መዳፏን ዘረጋች። ሰውዬው በአባቷ ፊት፣ በሽማግሌ ፊት፣ የሚስቱን እጅ ያዘ! የአውራ ጣቷን ለካ፣ የትንሿን ጣቷን ለካ፣ መዳፏን ገልብጦ አየ። አያ ፈንታ ጣራውን ማየት ጀመሩ። ሌላው ሽማግሌ ጫማውን እያሰረ ነው፤ ጫማው ማሰሪያ የለውም። እኔ ዓይኔን አልመለስኩም፤ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ልኬት ማየት ሥራዬ ነው። አያ ማንደፍሮ ልኩን ወስዶ ሲጨርስም እጇን አልለቀቀም።

ቄስ አድማሱ ግን አልወደዱትም። ከደጅ ሆነው «ትመጫለሽ አትመጭም?» አሏት። አገሩን ሁሉ ልጄን ላመጣ ነው ብለው፣ በቅሎ ተውሰው ነው የወጡት።

«አልመጣም፣ አባ። ይቅር ይበሉኝ።»

በቅሎአቸው ላይ ወጥተው ሄዱ። ትርፏ በቅሎ ኮርቻዋ ባዶ ሆኖ ተከተለቻቸው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ሰላምታ እንኳ አልላኩላትም።

የሺ ገበታዋ ሲደርስላት ምን እንዳደረገች ታውቃላችሁ? ሁሉንም ጠረገቻቸው! በመጀመሪያ ልጆቹን፣ ቀጥሎ ባሏን። እራት ቀርቦ በጊዜው ይበላል፤ ከእራት በፊት ይጋጠማሉ። እኔ ከግድግዳው ወዲህ «ሳድስ! እንካ!» ስትል የእሷን ድምፅ እሰማለሁ፤ ያቺ ነጠላዋን አፏ ላይ የምታደርገው የሺ። «ዘነቡ!» ይለኛል በጡጫ እየጎሰመ፣ «ይቺ የቄስ ልጅ ፈጀችኝ!» «ይበልህ!» እላለሁ። ቁም ሣጥኑን መቼም አልሠራላትም፤ ሁልጊዜ «በሚቀጥለው በጋ» ነው። ልብሷ ከጆንያ ወጥቶ ግድግዳው ላይ ገበታ በሚሰቀልበት ምስማር ተሰቀለ። እሷም መጠየቁን ተወችው።

እኔ ወደ ደብረ ታቦር ከተዛወርኩ በኋላ ግማሽ አካሉ ተያዘ፤ ቀኙ። ልጠይቀው ሄጄ አልጋው አጠገብ የሺን አገኘኋት። መሬት ላይ ተቀምጣ ትበይዳለች። ዱላውና ቁልፎቹ በአንድ በኩል የተጠጋጉበት፣ በአንድ እጅ ብቻ የሚሠራ ገበታ ሠርታለታለች። ሣጥኑንም እየጎተተች አልጋው ድረስ አስጠግታዋለች። እሱ አፉ ስለከበደው ቀስ ብሎ «ሳድሱ ራቀኝ» ይላል።

«ሰነፍ ተማሪ ሁልጊዜ ሳድስ ይርቀዋል» ትለዋለች፤ ግን ነቅላ አቀረበችለት። ሰው እንዲህ ሲታመም አይስቁም ይባላል፤ ሦስታችንም ሳቅን።

ለቅሶው ላይ የደረስኩት ያ ስልክ በተደወለልኝ ማግሥት ነው። ድንኳኑ ሞልቷል፤ እነዚያ ልጆች ጢም አብቅለው ሻይ ያድላሉ። የሺ አላለቀሰችም። ሴቶቹ «ደርቃ ቀረች፣ አልቅሺ እንጂ» ይሏታል፤ እሷ ግን እንግዳ በላ አልበላ እያለች ትዞራለች። ያኔ ቄስ አድማሱ ገቡ። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ስለደከመ ሰው እጃቸውን ይዞ ነው ያመጣቸው። አጠገቧ አስቀመጧቸው።

«የሺ» አሏት። «ያን ጊዜ እንቢ ስላልሽኝ ተቀይሜሽ ኖሬያለሁ።»

«አውቃለሁ፣ አባ።»

«ስንቱን ባልና ሚስት እግዚአብሔር አንድ ያደረገውን ሰው አይለየው እያልኩ ሳስታርቅ የኖርኩ ቄስ ነኝ። ያን ቀን ልለይ የመጣሁት እኔው ነበርኩ። ተሳስቼ ነበር፣ ልጄ። ስንት ዓመት ከሱ ልነጥቅሽ ነበር! ይቅር በይኝ።»

የሺ አባቷ ጉልበት ላይ ተደፋች። ያ ሁሉ ተይዞ የነበረው ለቅሶ ያኔ ወጣ።

«አልጠገብኩትም፣ አባ» አለች። «አልጠገብኩትም።»